ስለ ርካሽና ቀላል የስፖርት መኪኖች ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የአውቶ መካኒክ ሙያ አስተምራለሁ፤ ከክፍል ስወጣ ደግሞ ጋራዥ እሠራለሁ። በሁለቱም ቦታ ወጣቶች በስልካቸው የስፖርት መኪና እያዩ ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ ክርክሩም ሁልጊዜ «ስንት ፈረስ አለው?» በሚል ጥያቄ ይጀመርና እዚያው ላይ ያልቃል። እንደ ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ ቶዮታ 86 ወይም ሱባሩ ቢአርዜድ ያሉ፣ ከሌሎች የስፖርት መኪኖች አንጻር ዋጋቸውም ክብደታቸውም ዝቅ ያለ መኪኖች ሲነሡ ቁጥሩ 200 አካባቢ መሆኑ ይነገራል፤ ከዚያ ሳቅ ይከተላል። ሳቁን እችለዋለሁ። የማልችለው የመኪናውን ክብደት ጠይቆ የማያውቅ ሰው ፍርድ ሲሰጥ መስማት ነው።

«ጉልበት የሌለው መኪና ስፖርት መኪና አይባልም» የሚለውን በቅድሚያ ላንሣ፤ ከሁሉም በላይ የሚያታክተኝ እሱ ነውና። ሂሳቡን እንሥራ። ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር የተገጠመለት ላንድ ክሩዘር 200 የፈረስ ጉልበቱ 300 ያህል ሲሆን ክብደቱ ከ2500 ኪሎ ይበልጣል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፈረስ ከ8 ኪሎ በላይ ይደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የመጀመሪያው ኤምኤክስ-5 በ1.6 ሊትር ሞተሩ የሚያወጣው 116 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር፤ ሆኖም ክብደቱ አንድ ሺህ ኪሎ ስለማይሞላ የእያንዳንዱ ፈረስ ድርሻ ያው 8 ኪሎ ገደማ ነው። አዲሱ ባለ 2 ሊትር ኤምኤክስ-5 ደግሞ በ180 ገደማ የፈረስ ጉልበትና በ1060 ኪሎ ገደማ ክብደት ድርሻውን ወደ 6 ኪሎ ያወርደዋል። ሎተስ ኤሊዝ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ጉልበቱ 120 ባይሞላም ወደዚሁ 6 ኪሎ የደረሰው መኪናው ራሱ 725 ኪሎ ገደማ ብቻ ስለሚመዝን ነበር፤ ለዚህም ሠሪዎቹ የአሉሚኒየም ሻንሲውን በብየዳ ፈንታ በልዩ ማጣበቂያ እስከ ማያያዝ ሄደዋል።

ይህ ሁሉ ግን ገና የቀጥታ መንገዱ ሂሳብ ነው። ጉልበት የሚያገለግለው ነዳጅ መስጫውን በረገጥንበት ሰዓት ብቻ ሲሆን ክብደት ግን ስንነሣም፣ ስንቆምም፣ ስንታጠፍም አብሮን አለ። ጎማ ላይ ጭነት በጨመርን ቁጥር አስፋልቱን የመያዝ አቅሙ ይጨምራል፤ ነገር ግን በጭነቱ ልክ አይጨምርም። ከባዱ መኪና በኩርባ ላይ ከቀላሉ ጋር እኩል ለመሄድ ሰፋፊ ጎማ፣ ጠንካራ ሞላና ውድ አሞርዛተር የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው፤ እነዚህም በተራቸው ሌላ ኪሎ ይጨምራሉ። ፍሬንም እንደዚሁ ነው። በእኩል ፍጥነት የሚሄዱ ሁለት መኪኖች አንዱ የሌላው እጥፍ ቢመዝን፣ ለመቆም ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ኃይልም እጥፍ ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ የፍሬን ሸራው ሸትቶት መንገድ ዳር የቆመ ሾፌር ይህን ለማመን የእኔ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በዚህ ላይ የከፍታው ጉዳይ አለ፤ ተማሪዎቼ ቁጥሩን ከሌላ አገር እንዳለ ሲያመጡት የሚረሱት ይህንን ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው በ15 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር በወረቀት ላይ ከተጻፈለት ጉልበት ወደ አንድ ስድስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። 300 የተባለው ትልቅ ሞተር 50 ያህል ፈረስ ጎድሎበት ይውላል፤ 2500 ኪሎው ግን አንድ ግራም አይቀንስም። ከፍታ ጉልበትን እንጂ ክብደትን አይነካም፤ እንዲያውም ለደጋ አገር ሰው ከቁጥሮቹ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ኪሎው ነበር።

ይህንን በሰሌዳ ላይ ብቻ አስረድቼ አላቆምም። ሠልጣኞችን በአንድ ቪትዝ አሳፍሬ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ አወጣቸዋለሁ፤ ከዚያ ሾፌሩ ያንኑ ዳገት ብቻውን እንደገና እንዲወጣው አደርጋለሁ። አራት ሰው ጭኖ ወደ ሁለተኛ ማርሽ እያወረደ የተንፈራገጠበትን ዳገት ብቻውን ሲሆን በሦስተኛ ይወጣዋል፤ መሪውም የሌላ መኪና መሪ ይመስለዋል። ሞተሩ ያው ሞተር፣ ፈረሱም ያው ፈረስ ነው። የከተማችን የባጃጅ ሾፌሮች ይህን ያለ አስተማሪ ያውቁታል፤ ሦስት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ በፔዳ መንገድ የሄደ ልጅ ስለ ክብደት የሚያውቀውን ያህል የሚያውቅ የስልክ ተከራካሪ እስካሁን አላገኘሁም።

«ከተማው ሜዳ ነው፣ የጎንደር መንገድም እስከ ወረታ ቀጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ የሚያስፈልገን ጉልበት ነው» የሚል ብልጥ መልስ አንዳንዴ ይመጣል። ቀጥ ያለ መሆኑ እውነት ነው። ግን የፎገራ ሜዳ መንገድ ከብት፣ አህያ፣ ባጃጅና ሩዝ የጫነ ጋሪ የሚሻገርበት የሕዝብ መንገድ ነው፤ 300 ፈረስ እዚያ ላይ መልቀቅ የሚያስብ ሰው መኪና ሳይሆን ጠበቃ ይፈልግ። የቀላል መኪና ደስታው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ላይ እንኳ መሰማቱ ነው፤ ከአዲስ ዘመን ከተማ በኋላ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ደግሞ ሕግ ሳይጣስ ይገኛል።

«የሴት መኪና ነው።» መኪና ጾታ የለውም፤ ቀጥሎ።

«መልኩ አሻንጉሊት ነው፤ ኮፈኑ ረጅም፣ ቤቱ ጠባብ፣ የት ይገባበታል?» ስለ መልክ የሚነሣ ክርክር በዓይን ስለሚፈረድ ብዙ አልገባበትም፤ አዲሱ ኤምኤክስ-5 ፊቱ የተቆጣ፣ የመጀመሪያው ደግሞ የሚስቅ መምሰሉን ግን እቀበላለሁ፤ እኔ የሚስቀውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው መልክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከወጣው ሎተስ ኤላን ብዙ መውሰዱ ግልጽ ነው፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ፣ እኔ ጥሩ አስተማሪ መምረጥ እለዋለሁ። ስህተቱ ያለው መልኩን ለጌጥ ብቻ የተሠራ አድርጎ ማየት ላይ ነው። የኤምኤክስ-5 ኮፈን የረዘመው ሞተሩ ከፊት ጎማዎች መስመር ወደ ኋላ ተገፍቶ ስለተቀመጠ ሲሆን በዚህም ክብደቱ በፊትና በኋላ ጎማዎች ላይ በእኩል ሊከፋፈል ችሏል። ቶዮታ 86 እና ቢአርዜድ ኮፈናቸው ዝቅ ያለው የሱባሩ ሞተር ፒስተኖቹ ጎን ለጎን የተጋደሙ፣ ቁመቱ አጭር ሞተር ስለሆነ ነው። አልፒን ኤ110 ደግሞ ሞተሩ ከመቀመጫው ኋላ ስለሆነ አፍንጫው አጭር ነው። በደንብ በተሠራ ቀላል መኪና ላይ ቆርቆሮው የሚከተለው ሞተሩን ነው፤ የኋላ ክንፍ በፕላስተር ከተለጠፈበት ቪትዝ የሚለየውም በዚህ ነው።

ክንፍ ካነሣሁ ዘንድ «ሰፊ ጎማና ትልቅ ቸርኬ መኪናን ስፖርት ያደርጋል» የሚለውንም ላንሣ። ቶዮታ 86 እና ቢአርዜድ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ ሲቀርቡ ብዙዎቹ ይዘውት የመጡት ጎማ ለነዳጅ ቆጣቢው ፕሪየስም የሚቀርብ ዓይነት ነበር፤ መሐንዲሶቹ ይህን የመረጡት መኪናው በመጠነኛ ፍጥነትም ባሕርዩን ለሾፌሩ እንዲያሳይ ብለው ነው። የመጀመሪያው ኤምኤክስ-5 ቸርኬው 14 ኢንች ብቻ ነበር። እኔ ጋ ግን አንድ ደንበኛ ቪትዙን ባለ 17 ኢንች ቸርኬ አስገጥሞ፣ ሞላውን አስቆርጦ፣ ማርሚታውን አስቀይሮ መጣ። ጎማው በሙሉ መሪ የጭቃ መከላከያውን ይፍቃል፣ አሞርዛተሩ ዘይት ጥሏል፣ መኪናውም ከበፊቱ ይልቅ ይዘገያል፤ ምክንያቱም ከባድ ቸርኬ የሚሽከረከር ክብደት ነውና ሞተሩ በየመነሻው ያንን ጭምር ማሽከርከር አለበት። የጨመረው ድምፁ ብቻ ነበር። ለማስተካከል ያወጣው ገንዘብ አራት ጥሩ አዲስ ጎማ ይገዛ እንደነበር ስነግረው የተቆጣው በእኔ ነው።

«በዚያ ዋጋ ትልቅ መኪና ይገዛል።» ይገዛል፤ ትልቅ መኪና ለፈለገ ሰው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ኤምኤክስ-5 መነሻ ዋጋው 13,800 ዶላር ነበር፤ የዛሬው ከ30 ሺህ ዶላር ብዙም አይርቅም። ለገንዘቡ የሚሰጠው መቀመጫ ሁለት፣ የሻንጣ ቦታውም ለእንቁላል ተራ ጉዞ የሚበቃ ነው፤ ማዝዳ ይህንን ሳይደብቅ ሸጦ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮንኛውን አምርቷል። ሰው የሚከፍለው ለልዩ ሻንሲ፣ የኋላ ጎማን ለሚያዞር አሠራርና ኪሎ ለመቀነስ ለወጣው ድካም ነው፤ ብረት መጨመር ርካሽ ሲሆን ብረት ሳያዳክሙ መቀነስ ግን ውድ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ስህተት ግን ለኪስ የበለጠ አደገኛ ነው፦ ያንን ዶላር በምንዛሪ አባዝቶ «እዚህ ይህን ያህል ብር ነው» ማለት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ መኪናን በሞተር መጠንና በዕድሜ ይመድባል፤ ከ1800 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ መኪና ኤክሳይዙ 100 በመቶ ሲሆን ባለ 2 ሊትር ስፖርት መኪና እዚያው ይወድቃል። ጉምሩክ ቀረጡ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱና ሱር ታክሱ ከዚህ ሌላ ናቸው። አዋጁ የሚለካው ሲሲውን እንጂ ኪሎውን አይደለም፤ ስለዚህ ቀላል መሆን ምንም አያተርፍም። ይህም የድሮ ወሬ ሆኗል፤ መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጥር ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ «አስመጣልሃለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ ቀብድ ከመስጠት በፊት ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ።

«ታዲያ ኤሌክትሪኩ ሁሉንም ይቀድማል፤ ክርክሩ አብቅቷል።» ግማሹ ልክ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ ጉልበት አያጣም፣ ሲነሣም የሚያስቀና ነው፤ በዚህ ከተማም የመቆሚያ መብራት ሲለቀቅ ቀድመው የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ግን እንደ ኤምጂ ሳይበርስተር ያለ፣ ጣራው የሚከፈት ባለ ሁለት መቀመጫ ኤሌክትሪክ መኪና እንኳ ወደ 2 ቶን ይጠጋል፤ የሁለት ኤምኤክስ-5 ክብደት ማለት ነው። ባትሪው ከታች ስለሆነ አይንገዳገድም፤ ጎማው፣ ፍሬኑና አሞርዛተሩ ግን ሁለቱን ቶን ይሸከማሉ። ባትሪ ቀለል ሲል እንነጋገር።

«ቀላል ከሆነ በግጭት ጊዜ ቆርቆሮ ነው» ለሚሉት፦ ከራሱ በጣም ከሚከብድ መኪና ጋር ሲጋጭ ቀላሉ የባሰ ጉዳት እንደሚደርስበት አልክድም። አሠራሩ ግን ቆርቆሮ አይደለም፤ አዲሱ ኤምኤክስ-5 እ.ኤ.አ. በ2015 በአውሮፓ የግጭት ፈተና ከአምስት ኮከብ አራቱን አግኝቷል።

ባለን መኪና ያንን ስሜት ለሚፈልግ ደግሞ የምለው አለኝ። ሻንጣ ውስጥ ለወራት የተረሳውን ጀሪካን፣ የተበላሸ ክሪክና የድንጋይ ታኮ አውጡ። ሞላ አታስቆርጡ፤ ያለቀውን አሞርዛተር በጥንድ ቀይሩ፣ የመሪ ጫፎቹንና የእግሩን ጎሚኒ አስፈትሹ፣ ከዚያ አላይመንት አሠሩ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የአላይመንቱ ገንዘብ ባክኗል። የጎማ ነፋስ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ፣ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተጻፈው ልክ ይሞላ። ጎማ ስትገዙ የጥርሱን ጥልቀት ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ፤ በጎኑ ላይ አራት አኃዝ ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ ለምሳሌ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከመጋዘን ወጥቶ የሚያብለጨልጭ፣ ላስቲኩ ግን የደረቀ ጎማ «አዲስ ነው» ተብሎ የተሸጠለት ደንበኛ አውቃለሁ፤ በመጀመሪያው ዝናብ መኪናው ሲንሸራተትበት ጥፋቱን የጫነው በመኪናው ቀላልነት ላይ ነበር።