«ወንድሜ» ስንል

ስሙ የጠፋብንን ሰው ምን ብለን እንደምንጠራው ሁላችንም እናውቃለን። «ወንድሜ!» እኔም ስንት ጊዜ አምልጬበታለሁ። ቃሉ በአፋችን ቀሏል። በመጽሐፍ ቅዱስ ግን ሰውን ብዙ የሚያስከፍል ቃል ነው።

ስፋቱን እንይ። ሎጥ የአብራም የወንድሙ ልጅ ነው። እረኞቻቸው ሲጣሉ ግን አብራም «እኛ ወንድማማች ነን» አለው (ዘፍ. 13፥8)። ላባም የእኅቱን ልጅ ያዕቆብን ወንድሜ ብሎታል (ዘፍ. 29፥15)። የዕብራይስጡ ቃል ከአንድ እናት የተወለደውን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም የቅርብ ዘመድ ያቅፋል።

አብራም በአፉ ብቻ አላለውም። ሎጥ ለምለሙን ምድር መርጦ ሄደ፤ ቆይቶም ተማረከ። ሌላ ሰው ቢሆን «የእጁን አገኘ» ብሎ ይቀመጥ ነበር። አብራም ግን 318 ሰዎቹን ይዞ እስከ ዳን ድረስ ማራኪዎቹን ተከተለ። መጽሐፉ ጥቂት ቀደም ብሎ «የወንድም ልጅ» ያለውን ሎጥን፣ አብራም ለማዳን ሲነሣ «ወንድሙ» ይለዋል (ዘፍ. 14፥14)።

አሁን ወደ ሉቃስ 15 እንምጣ። የጠፋው ልጅ ሲመለስ ታላቁ ተቆጥቶ ደጅ ቆመ። ለአባቱ ሲናገር «ወንድሜ» የምትለዋ ቃል ከአፉ አልወጣችም። «ይህ ልጅህ» አለ። ያንተ እንጂ የእኔ አይደለም ማለቱ ነው። አባትየው አልገሠጸውም። «ይህ ወንድምህ ሞቶ ነበረ» ብሎ ቃሉን መለሰለት፣ በቃ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ድሮ ራሴን የማስቀምጠው በታናሹ ቦታ ነበር። አሁን አሁን የታላቁ አነጋገር ያስፈራኛል። ምክንያቱም እኔም የተቀየምኩትን ሰው የማነሣው «ያ ሰውዬ» እያልኩ ነው። እስኪ እናንተም ራሳችሁን ታዘቡ።

በደማስቆ የነበረው የኢየሱስ ደቀ መዝሙር ሐናንያ ግን አስቸጋሪውን አደረገው። ጌታ ወደ ሳውል ሂድ ሲለው ፈርቶ ነበር፤ ቢፈራም አይፈረድበትም። ሳውል፣ በኋላ ጳውሎስ የተባለው፣ ደማስቆ የመጣው እንደ ሐናንያ በኢየሱስ ያመኑትን አስሮ ሊወስድ ነው። ሐናንያ ሳውል ወዳለበት ቤት ገባ፣ እጁን ጫነበት፣ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃልም «ወንድሜ ሳውል ሆይ» የሚል ነበር (ሐዋ. 9፥17)። ሳውል ያን ጊዜ ዓይኑ ገና አልበራም፤ አልተጠመቀምም ነበር።