«ፎርማት ይደረግ» ከማለት በፊት፦ ስለ ኮምፒውተር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጅማ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ ባሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ አንድ ነገር ይደጋገማል። ተማሪው ፍላሹን ይሰካል፤ ፎልደሮቹን ያጣቸዋል፤ ይደነግጣል። ከጎኑ ያለ ሰው «በቫይረስ ተበልቷል፣ ፎርማት ይደረግ» ይለዋል፤ ፍላሹ እንዳለ ይጠረግ ማለቱ ነው። ይህች ምክር የስንቱን ልፋት ከንቱ እንዳስቀረች ሳስብ ያንገበግበኛል። ፋይሉ ብዙውን ጊዜ እዚያው ፍላሹ ውስጥ ነበርና።

«ሾርትከት ቫይረስ ፋይሌን በላው»

አልበላውም፤ ደብቆታል። ይህ ቫይረስ በፍላሹ ላይ ባሉት ፎልደሮች ላይ «የተደበቀ» እና «የሲስተም ፋይል» የሚል ምልክት ይለጥፍባቸውና በቦታቸው ስማቸውን የያዙ ሾርትከቶች (አቋራጭ ምልክቶች) ያስቀምጣል። ሾርትከቱ ሲነካ ቫይረሱን በኮምፒውተሩ ላይ ያስነሣል፤ ወዲያውም ማንም እንዳይጠረጥር ትክክለኛውን ፎልደር ይከፍታል። ስለዚህ ሾርትከቱን አይንኩት። መጀመሪያ የፍላሹ ቦታ ምን ያህል እንደተያዘ ይመልከቱ፤ ባዶ መስሎ እየታየ ግማሹ ተይዟል ካለ ሥራዎ አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ጸረ ቫይረሱ በታደሰ ኮምፒውተር ላይ የፎልደር ማስተካከያውን ከፍተው የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያዝዙ። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ ከሚለው ትእዛዝ ላይም ምልክቱን ማንሣት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው የመጀመሪያውን አድርጎ ሁለተኛውን ስለሚተው ነው። ፋይሎቹ ሲታዩ ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጧቸው። ፎርማት ከዚያ በኋላ ይምጣ።

«ኮምፒውተሬ ኢንተርኔት ስለሌለው ቫይረስ አይነካውም» የሚሉም አሉ። ብሬይን የተባለው ቫይረስ በ1986 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከፓኪስታኗ ላሆር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሌሎች አገሮች ሲዛመት ድረ ገጽ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም ነበር። የተጓዘው ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍ ፍሎፒ ዲስክ ነው። የፍሎፒውን ቦታ ዛሬ ፍላሹ ይዞታል። ኢንተርኔት የሌለው ኮምፒውተር ደግሞ ጸረ ቫይረሱ ስለማይታደስ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

«የሰረዝኩት ፋይል ጠፍቷል»

በተለመደው ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል ሲሰረዝ ስሙ ከቀበሌ መዝገብ ተፋቀ እንጂ ቤቱ እንደቆመ ነው። ኮምፒውተሩ ቦታውን «ነጻ ነው» ብሎ ይመዘግባል፤ መረጃው ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ይቆያል። ፈጣኑ ፎርማትም የሚያደርገው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በስሕተት የሰረዙ ወይም ፎርማት ያደረጉ ሰዎች እንግዲህ ተስፋ አላቸው፤ ነገር ግን በዚያው ዲስክ ላይ ምንም ሳይጽፉ፣ ፊልምም ሳይጭኑበት፣ በፋይል መመለሻ ፕሮግራም ይሞክሩ።

ያው እውነት ለሻጭ አደጋ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ከመሸጥዎ በፊት የቤተሰብ ፎቶና የባንክ ወረቀት ሰርዘው ብቻ አይስጡ። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉው ፎርማት ዲስኩን በዜሮ ይሞላዋል፤ ጊዜ ቢወስድም ይህን ይምረጡ። አዲሶቹ ኤስ ኤስ ዲ ዲስኮች የተለየ ጠባይ አላቸው፤ የተሰረዘውን ራሳቸው ስለሚያጸዱ ከእነርሱ ላይ የጠፋ ፋይል መመለስ ብዙ ጊዜ አይቻልም።

«ዴስክቶፕ ላይ ስላስቀመጥኩት ዊንዶውስ ቢቀየር አይነካም»

ዴስክቶፕ የሚገኘው ዊንዶውስ ባለበት በሲ ክፍል ውስጥ ነው። ሲ ፎርማት ሲደረግ ዴስክቶፕም ዶክመንትስም አብረው ይሄዳሉ። ኮምፒውተር ለጥገና ከመስጠትዎ በፊት ይህን ለባለሙያው በግልጽ ይንገሩ።

«ኮምፒውተርን የፈጠረው ቢል ጌትስ ነው»

የእርሱና የፖል አለን ድርጅት ማይክሮሶፍት በ1975 ሲመሠረት የግል ኮምፒውተር በገበያ ላይ ነበር። አልቴር 8800 ይባላል፤ የሠራው ኤድ ሮበርትስ የሚመራው፣ በአሜሪካዋ አልበከርኪ ከተማ የሚገኝ አነስተኛ ድርጅት ነው። ስክሪንም ኪቦርድም አልነበረውም። ትእዛዝ የሚሰጠው ማብሪያ ማጥፊያዎችን በመገልበጥ ሲሆን መልሱም በትናንሽ መብራቶች ይነበብ ነበር። የማስታወሻ አቅሙ 256 ባይት ብቻ ነበር፤ በዛሬው አጻጻፍ 85 ያህል የአማርኛ ፊደላት ብቻ ይይዛል። ጌትስና አለን ለዚህ መሣሪያ ቤዚክ የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አዘጋጁለት።

አይ ቢ ኤም የግል ኮምፒውተሩን በ1981 ሲያወጣ ማይክሮሶፍት ያቀረበለት ዶስ (ከዊንዶውስ በፊት ኮምፒውተሩን ያሠራ የነበረው ፕሮግራም) መሠረቱ በሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ የተሠራ ነበር፤ የጻፈውም ቲም ፓተርሰን ነው። ማይክሮሶፍት ገዛው። ማውስን በ1968 በአደባባይ ያሳየው ዳግላስ ኤንግልባርት ሲሆን መስኮትና ማውስ ያለው ዜሮክስ አልቶ የተባለ ኮምፒውተር ደግሞ በ1973 ተሠርቷል። የማይክሮሶፍት ድርሻ ትልቅ ነው፤ ድርሻው ግን ፕሮግራሙ ላይ ነው እንጂ መሣሪያው ላይ አይደለም።

ይህን የማነሣው ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። መሣሪያውና ፕሮግራሙ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ያልተረዳ ሰው ዊንዶውስ አልነሣ ሲለው «ኮምፒውተሩ ሞቷል» ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል። የበራ፣ ጽሑፍ ያሳየ፣ ከዚያ የቆመ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ችግሩ ፕሮግራሙ ወይም ዲስኩ ነው፤ ሁለቱም ይተካሉ።

«ሪፍሬሽ ሲደረግ ይፈጥናል»

አይፈጥንም። ሪፍሬሽ የዴስክቶፑን ምስሎች እንደገና ይሥላል፤ ሌላ ሥራ የለውም።

«ስታቢላይዘር ስላለኝ መብራት ቢጠፋም ችግር የለም»

ጅማ ዝናቧ ብዙ፣ ነጎድጓዷም ብርቱ ነው፤ መብራት ሄድ መጣ ሲል ስታቢላይዘር የገዛ ሰው ሥራው የተጠበቀ ይመስለዋል። ስታቢላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ ኃይል አያከማችም። ኃይል የሚያከማቸው ባትሪ ያለው ዩ ፒ ኤስ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሥራን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ ለመስጠት እንጂ ለሰዓታት እንዲያሠራ አልተሠራም። ገና ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ያለው ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ ነው፤ ራም ደግሞ ኃይል ሲቋረጥበት ባዶ ይሆናል። መብረቅ ሲቀርብ ሶኬቱን መንቀል ከሁለቱም ይሻላል።

«አማርኛው ተበላሽቷል፣ ቫይረስ ነው»

የድሮ ደብዳቤ ሲከፈት ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ከታዩ፣ ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ቀደምት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የግዕዝ ፊደላትን የሚያስቀምጡት ለላቲን ፊደላት በተመደቡ ቁጥሮች ላይ ነበር። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ቁጥሩን አንብቦ የላቲኑን ፊደል ያሳያል። ይህን ችግር የፈታው ለዓለም ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር የሚመድበው ዩኒኮድ ነው፤ በ1999 የወጣው ሦስተኛው እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ተቀብሎ ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ሰጠው፤ ሀ 4608፣ ሁ 4609፣ ለ 4616 እያለ ይቀጥላል። ዛሬ በስልክ የምንጻጻፈው በዚሁ ነው።

የድሮውን ጽሑፍ መርጦ ፎንቱን ወደ ናይላ (የዩኒኮድ የአማርኛ ፎንት) መቀየር አይፈታውም፤ ከሥር ያለው ቁጥር አልተለወጠምና። ጽሑፉን በዎርድ ከፍተው በፎንት ሳጥኑ ውስጥ የሚታየውን ስም ይመዝግቡ፤ ፎንቱ በኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ስሙ እዚያ ይታያል። ያንኑ ፎንት አግኝተው ሲጭኑት ደብዳቤው ይነበባል፤ ከዚያም በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ማዞር ይቻላል።