ፓተርን ሰጠሁ ማለት ስልኬን በሙሉ ሰጠሁ ማለት ነው?

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሥር ያለ ጥገና ቤት ስልኬን ለስክሪን ቅያሪ ሰጠሁ። ልጁ «ፓተርኑን ንገረኝ፣ ተቹን ልሞክረው» አለኝ። ነገርኩት። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ጋለሪዬን በአውራ ጣቱ እየገፋ የእህቴን ሠርግ ፎቶ ያያል። «ራስህ አይደለህ እንዴ ፓተርኑን የሰጠኸኝ?» አለ።

ነገሩ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 ላይ አለ። «ሕገወጥ ደራሽነት» ይለዋል። እኛ ደራሽ ስንል የምናውቀው ጎርፉን ወይም የክፉ ቀን ወገንን ነው። የሕጉ ደራሽነት ግን ወደ ኮምፒዩተር ወይም ወደ ዳታው መግባት ነው። ስልክም እዚህ ውስጥ ይገባል።

ብዙ ሰው ወንጀሉ የይለፍ ቃል መስበር ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ያለ ፈቃድ መግባትም፣ ከተሰጠ ፈቃድ ማለፍም እኩል ተከልክሏል። እኔ የፈቀድኩት ተች መሞከር ነው፤ ሠርግ ማየት አይደለም። ሆን ተብሎ መደረግ ግን አለበት። ጣት ስቶ የከፈተው ፎቶ አይቆጠርም።

ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር፣ ወይም ሁለቱም ነው። የተገባበት ለድርጅት አገልግሎት ብቻ የሚውል የኮምፒዩተር ሥርዓት ከሆነ ከ3 እስከ 5 ዓመት ፅኑ እስራት ይሆናል፣ ከገንዘብ ቅጣት ጋር። «ቀላል» የተባለው ከፅኑው አንጻር ነው እንጂ ያው እስር ነው።

ልጁ ይህን ስነግረው ሳቀ። ከዚያ ከሂሳቡ 100 ብር ቀነሰልኝ።