«ሞዴሉ ዋሸ» ለምትሉኝ

ሥራዬ በሽታ እንዴት እንደሚዛመት በኮምፒውተር ሞዴል፣ ማለትም በሒሳብ ቀመር፣ ማስላት ነው። ይህን በተናገርኩ ቁጥር፣ ለቅሶ ቤትም ይሁን ታክሲ ውስጥ፣ የሚመጣው አንድ ነው፦ «ያን ሁሉ ሰው ያልቃል ብላችሁ አልነበር? የታለ?» በጣም ሰልችቶኛል።

እስቲ በኢቦላ እንየው። በመስከረም 2014 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) አንድ ስሌት አወጣ። ነገሩ በያዘው ፍጥነት ከቀጠለና ተጨማሪ ሥራ ካልተሠራ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን እስከ ጥር 2015 ድረስ 1.4 ሚሊዮን ሰው ሊያዝ ይችላል የሚል። ወረርሽኙ ሲያበቃ ግን በምዕራብ አፍሪካ በሙሉ የተመዘገበው 28,600 ገደማ ነበር። «አያችሁ፣ ውሸት!» ተባለ። እዚያው ሪፖርት ላይ ሌላ ስሌትም አለ፤ እሱን የሚያነሳው የለም። ከታማሚዎቹ 70 በመቶው በሽታው ወደ ሌላ በማይተላለፍበት ሁኔታ ከታከሙ፣ የሞቱትም በጥንቃቄ ከተቀበሩ፣ ወረርሽኙ በዚያው ጥር ሊያበቃ ይቃረባል ይላል። ደግሞም ተሠርቷል፤ የሕክምና ማዕከላት ተከፈቱ፣ ሬሳ ማጠብና መንካትም ቀነሰ። ስሌቱ እንከን የለውም አልልም፤ ሰው ራሱ ፈርቶ ጠባዩን እንደሚለውጥ አላስገባም። ግን «ካልተሠራ» የምትለዋን ቃል ጥሎ ቁጥሩን ብቻ ይዞ መሮጥ ምን የሚሉት ነው? ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን ያስጠገነ ሰው፣ ቤቱ ስላላፈሰሰ «ገንዘቤ ባከነ» ይላል?

ሌሎቹን ባጭሩ። «ሞዴል የኮምፒውተር ዘመን ፋሽን ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ ትንኝን ሁሉ መግደል አያስፈልግም፣ ቁጥሯ ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ወባ ራሱ ይከስማል ብሎ በሒሳብ ያሳየው በ1911 ገደማ ነው።

«ኮምፒውተሩ ካወቀ ላብራቶሪ ምን ያደርጋል?» ለሚሉትም፦ አልፋፎልድ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የፕሮቲንን ቅርጽ ይተነብያል፣ ይህ ሥራ በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል አስገኝቷል። የተማረው ግን ላብራቶሪ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተለፍቶባቸው ከተገኙ ቅርጾች ነው።

ቁጥር ስትሰሙ መጀመሪያ «ምን ቢሆን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ደግሞ እባካችሁ ሳምንታዊ ሪፖርት ላይ ታማሚ ከሌለ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ፣ ባዶ አትተዉት። አንድ ጊዜ አንድ ወረዳ ላይ ወባ ለሦስት ሳምንት ጠፋ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ሪፖርት የሚልከው ልጅ ፈቃድ ወጥቶ ኖሯል።