ተፈጥሯዊ ጠባይ ምንድን ነው? ከደስታችንስ ጋር ምን ያገናኘዋል?

«አመልና ጅራት በስተኋላ ይበቅላል» ይባላል። ለአመል እውነት ነው፤ በኑሮና በልማድ የሚመጣ ነው። ተፈጥሯዊ ጠባይ ግን ገና በጨቅላነት ይታያል። ጄሮም ኬገን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ የ4 ወር ሕፃናት አዲስ ነገር ሲያዩና ሲሰሙ የሚሆኑትን መዝግቧል፤ ከአምስቱ አንዱ ያህል እየተወራጨ ያለቅሳል፣ ሌሎች ዝም ብለው ያያሉ።

ተፈጥሯዊ ጠባይ ስሜት ቶሎ መምጣት አለመምጣቱ፣ ምን ያህል እንደሚበረታና ለመብረድ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። አለቃ ለሁለት ሠራተኞች «ነገ ጠዋት ላናግርህ እፈልጋለሁ» ብሎ ስልኩን ቢዘጋ አንዱ እራቱን በልቶ ይተኛል። ሌላው እስኪነጋ ያለፈውን ወር ስህተቱን ሲቆጥር ያድራል።

ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው፦ ደስታና ጭንቀት አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስ ይመስለናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኮስታና ማክሬ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ግን ተግባቢነት በዋናነት ከደስታ፣ ጭንቀታምነት ደግሞ ከመጥፎ ስሜት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ስለዚህ ሁለቱም የበዛበት ሰው አለ፤ ቀን ሲስቅ ውሎ ሌሊት ይጨነቃል። ሁለቱም ያነሰበትም አለ፤ ዝምታውን አይተን «ምን ሆነሃል?» እንለዋለን እንጂ ምንም አልሆነም። ጭንቀታሙን «ወጣ በል፣ ተዝናና» ማለትም ደስታ ይጨምርለት ይሆናል፤ ጭንቀቱ ግን እዚያው ይጠብቀዋል።

የመንትዮች ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የደስታ ልዩነት ከሲሶ እስከ ግማሽ ገደማ የሚሆነውን ከዘር ውርስ ጋር ያያይዙታል። ይህ የሚናገረው በሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት ብቻ ነው፤ «የእኔ ደስታ ግማሹ ተወስኗል» ማለት አይደለም። ምንም ቢደርስበት ሁሉም ሰው ወደ ቀድሞው የደስታ መጠኑ ይመለሳል የሚለውም ልክ አይደለም፤ ከሥራ መፈናቀል ብዙ ጊዜ ጠባሳ ይተዋል።

የራስን ጠባይ ለማወቅ ለ14 ቀን ማታ ማታ ሦስት ነገር መጻፍ ይረዳል፦ ደስታ ከ0 እስከ 10፣ ጭንቀት ለብቻው ከ0 እስከ 10፣ የዕለቱ ብስጭት የበረደበት ሰዓት። የከፋበትን ቀን ብቻ የሚጽፍ የተሳሳተ መልስ ያገኛል።

ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ሐዘን ከተጫነ፣ የሚወዱት ነገር ካስጠላ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ ግን «ጠባዬ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።