የፍለጋ ቃል ፓርሰር፣ ከከዚራ ሲታይ

የፍለጋ ቃል ፓርሰር በፍለጋ ሳጥን ውስጥ የተጻፈውን ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ሊሠራበት ወደሚችል ትእዛዝ የሚቀይር የሶፍትዌር ላይብረሪ፣ ማለትም ፕሮግራመሮች ተዘጋጅቶ የሚወስዱት ኮድ ነው። ራሱ አይፈልግም። ምን እንደሚፈለግ ለይቶ ለፍለጋ ሞተሩ ያስረክባል።

ድሬዳዋ ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው እንዲህ ጻፈ እንበል፦

"የሚከራይ ቤት" (ከዚራ || ሳቢያን) -ኮንዶሚኒየም

ፓርሰሩ መጀመሪያ መስመሩን ይቆራርጣል፤ ቁርጥራጮቹ ቶከን ይባላሉ። ጥቅስ ውስጥ ያሉት ቃላት እንደተጻፉ፣ ተከታትለው መገኘት አለባቸው። ሁለቱ ቋሚ መስመሮች «ወይም» ማለት ናቸው። የመቀነስ ምልክቷ «ይህ ያለበትን አታምጣብኝ» ትላለች። ከዚያ ቶከኖቹ በዛፍ መልክ ይደራጃሉ፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ የሚለየው ያኔ ነው።

በጥቅሱና በቅንፉ መካከል ግን ምንም ምልክት የለም። እዚህ ላይ ላይብረሪው የራሱን ልማድ ይከተላል። በጣም የታወቀው፣ ሉሲን በሚባለው የፍለጋ ላይብረሪ ውስጥ ያለው ፓርሰር፣ ካልተነገረው በቀር «ወይም» ብሎ ይወስደዋል። ስለዚህ ሌላ ሰፈር፣ መጋላ፣ የሚከራይ ቤትም ይመጣል። ቤት ፈላጊ ይህን አይፈልግም፤ ልማዱን ወደ «እና» መቀየር የፕሮግራመሩ ሥራ ነው።

ሉሲንን የጻፈው ዳግ ከቲንግ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2001 አፓቺ ወደሚባለው የሶፍትዌር ድርጅት ገባ። የፍለጋ ሞተሮቹ ሶለርና ኢላስቲክሰርች የቆሙት በእሱ ላይ ነው።

ጣጣው የሚመጣው አማርኛ ሲገባ ነው። «ሳቢያን ት/ቤት» ብላችሁ ሞክሩ። ለሉሲን ክላሲክ ፓርሰር እዝባር (/) የሬጉላር ኤክስፕረሽን፣ ማለትም በምልክቶች የሚጻፍ የቃል ንድፍ፣ መክፈቻ ናት። መዝጊያዋን ሲያጣ ፍለጋውን ትቶ ስህተት ይወረውራል። ለልጇ ትምህርት ቤት የምትፈልግ እናት፣ አቦ፣ ምን አጠፋች? ከእዝባሯ በፊት የኋሊት እዝባር (\) ቢጨመር ነገሩ ይፈታል፤ እሱን መጨመር ያለበት ግን ፕሮግራሙ እንጂ እሷ አይደለችም። ሉሲን ውስጥ ስህተት የማይወረውር፣ ያልገባውን እንደምንም ችሎ የሚያልፍ ሌላ ቀለል ያለ ፓርሰርም አለ። ለሕዝብ ለሚከፈት ሳጥን እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ሁለት ነጥብም (:) አለች። ለፓርሰሩ የመስክ፣ ማለትም እንደ ርእስ ያለ የተከማቸው ጽሑፍ ክፍል፣ ምልክት ናት፤ «ድሬ:ዳዋ» ብሎ የጻፈ ሰው «ድሬ በሚባል መስክ ውስጥ ዳዋን ፈልግ» ብሎ አዘዘ ማለት ነው። ስልክ የሚያስገባው ጠምዛዛ ጥቅስም ሆነ የእኛው «» እንደ ጥቅስ አይቆጠርም።

ኦፕሬተሮቹን፣ ማለትም እንደ «ወይም» እና «እና» ያሉትን የትእዛዝ ቃላት፣ በአማርኛ መተካትም እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ሉሲን «ኦር»ንና (OR፣ ወይም) «ኤንድ»ን (AND፣ እና) ከተራ ቃል የሚለየው በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ሲጻፉ ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። «እና» መቼ ቃል፣ መቼ ትእዛዝ እንደሆነች በምን ይታወቃል? «ሐረርና ድሬዳዋ» ሲባል ደግሞ «ና» ከስሙ ጋር ተጣብቃለች።

ሐረርን በ«ሀ» የሚጽፍም በ«ሐ» የሚጽፍም አለ። ሁለቱን ማስታረቅ የፓርሰሩ ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ ያለው አናላይዘር፣ ማለትም ቃላትን ወደ አንድ መልክ የሚያመጣው ክፍል፣ ድርሻ ነው፤ ያውም የተከማቸው ጽሑፍና የተፈለገው ቃል በአንድ ዓይነት መንገድ ካለፉ። ቅድመ ቅጥያ የሚቆርጠውም እሱ ነው። «ከሐረር»ን «ሐረር» ሲያደርግ ጎሽ ያሰኛል። ያው ደንብ ከዚራን «ዚራ» ያደርጋታል። ለዚህ የሰፈር ስሞችን እንዳይነኩ አስቀድሞ መመዝገብ ይቻላል። «ከከዚራ» ተብሎ ሲመጣ አንዷ «ከ» ትቆረጥ፣ ሁለተኛዋ ትቅር።