የምላስ ሁለት ሥራ፦ ስለ ሂንዱዎች አመጋገብና የአምላክ ስም ጥሪ የሚነገሩ ስህተቶች

«ሂንዱ ሥጋ አይበላም።»

ብዙው ይበላል። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ሥጋ አንበላም ያሉት የሕንድ ሂንዱዎች 44 በመቶ ናቸው። በምሥራቅ በኩል ባለው በቤንጋል ምድር ብዙ ብራህማን፣ ማለትም የካህናት ወገን፣ ሳይቀር ዓሣ ይበላል፤ በኮልካታ ከተማ ባለው ካሊጋት ቤተ መቅደስም ካሊ ለምትባለው እንስት አምላክ ፍየል ይሠዋል። ሥጋን አጥብቀው የሚከለክሉት በተለይ ቪሽኑንና ክሪሽናን የሚያመልኩት ቫይሽናቫዎች ናቸው። ከዚህ በታች የምጽፈውም ስለ እነሱ ነው።

«ምግባቸው የጾም ምግብ ነው።»

በእኛ ጾም ወተትና ቅቤ የተከለከሉ ናቸው። እነሱ ግን ወተት፣ እርጎና የተነጠረ ቅቤ ለአምላካቸው ያቀርባሉ። እንቁላል አይበሉም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም ስሜት ያነሳሳሉ፣ አእምሮ ያደፈርሳሉ ብለው ይተዋሉ። ስለዚህ ሽንኩርት የገባበት የጾም ሽሮ እንኳ ላይሆናቸው ይችላል። እንግዳ የጠራችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

«ሥጋ የተወ ሰው ቅዱስ ነው።»

ከሁሉም በላይ ትምህርቱን የሚያበላሸው ይህ ስህተት ነው። በግም ሥጋ አትበላም። አሂምሳ፣ ማለትም ሕይወት ያለውን አለመጉዳት፣ ትልቅ ቦታ አለው፤ ነገር ግን ነገሩ በዚያ አያበቃም። ባጋቫድ ጊታ በተባለው የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ 9፥26 ላይ ክሪሽና ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ ወይም ውሃ በፍቅር ላቀረበልኝ እቀበለዋለሁ ይላል። ክብደቱ ያለው «በፍቅር» የሚለው ላይ ነው። ስለዚህ አብሳይዋ ወጡን እየቀመሰች አትሠራም፤ ጨዉን በልምድ ትመጥናለች። ምግቡ መጀመሪያ ለአምላክ ይቀርባል፣ ከዚያ ፕራሳድ ተብሎ፣ ማለትም ጸጋ ሆኖ፣ ይበላል።

በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረው የቫይሽናቫ መምህር ሩፓ ጎስዋሚ አምላክ በስሜት ሕዋሳት እንደማይደረስበት፣ ግን ከምላስ ጀምሮ ለማገልገል ለተነሣ ሰው ራሱን እንደሚገልጥ ጽፏል። ከምላስ የጀመረው ምላስ ስለምትቀምስም፣ ስለምትናገርም ነው። ማዕዱና ዝማሬው የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን ከሌላው ነጥሎ የሚያስተምር ሰው ግማሹን ትቶታል ብዬ አምናለሁ።

«ማንትራ ጭንቀት ማቅለያ ነው።»

ማንትራ እየተደጋገመ የሚባል ቅዱስ ቃል ነው። ያረጋጋ ይሆናል፤ ዓላማው ግን አምላክን መጥራት ነው። የሃሬ ክሪሽና ማንትራ 16 ቃላት አሉት፤ ሦስት ስሞች፣ ሃሬ፣ ክሪሽናና ራማ፣ ይመላለሱበታል። ልመናው «በአገልግሎትህ አኑረኝ» ነው ይላሉ። በግል ሲባል ጃፓ ይባላል፤ 108 ፍሬ ባለው መቁጠሪያ ይቆጠራል። ሃሬ ክሪሽና በሚባለው የቫይሽናቫዎች ማኅበር ቃል የገባ ምእመን መቁጠሪያውን በቀን 16 ጊዜ ያዞረዋል፤ 1,728 ጥሪ ማለት ነው። በመቁጠሪያ የጸለየች እናት ያሳደገችው ሰው ይህን ድግግሞሽ ባዶ ነው ለማለት አይቸኩልም።

«ሃሬ ክሪሽና የ1960ዎቹ የአሜሪካ ወጣቶች ፈጠራ ነው።»

ስዋሚ ፕራቡፓዳ ማኅበሩን ኒውዮርክ ላይ ያቋቋሙት በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ዝማሬውን በቤንጋል አደባባዮች ያስፋፋው የቫይሽናቫ መምህር ቻይታንያ ግን የተወለደው በ1486 እ.ኤ.አ. ነው።

«ድምፄ አያምርም፤ ኪርታን ለእኔ አይሆንም።»

ኪርታን ስሙን በኅብረት መዘመር ነው፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ምሪዳንጋ የሚባለው ከበሮ ይመታል። ቻይታንያ ትቶልን ያለፈው ስምንት ስንኝ ብቻ ነው ይባላል። በእነዚያ ውስጥ ስሙን ለመጥራት የተቆረጠ ሰዓት የለም ይላል፤ ስለ ድምፅ ማማርም አይናገርም። የሚጠይቀው ከሣር ዝቅ ማለትን፣ እንደ ዛፍ መታገሥን፣ ለራስ ክብር ሳይሹ ሌላውን ማክበርን ነው።